የጠራ ቅጂ

ዲስኩ ማክሰኞ ከሰዓት በፖስታ ደረሰኝ፣
ሰማያዊ ካርቶን፣ ጫፉ የተጨማደደብኝ።
«የጨው ፖስተኛዋ»፣ በአርባኛ ዓመቷ፣
ታጥባና ታድሳ፣ ከዋናው ፊልም ከመሠረቷ።
የኡሪኖ ማስታወሻ ከላዩ ተለጥፏል፦
«ሐሙስ ጠዋት ይድረሰኝ፤ አንድ ገጽ ይበቃል።
ምስሉን፣ ድምፁን፣ ተጨማሪውን እየው፤
ከአምስት ኮከብ ስንት? እሱን እንዳትረሳው።»

እሺ። ከምስሉ ልጀምር። እውነቱን ለመናገር፣
እንከን አላወጣሁለትም፣ ብፈልግ ባስስ ባበጥር።
የጀልባዋ ቀለም የተላጠበት፣
የሰዓሊው ብሩሽ ያመነታበት፣
ልጅቷ ጉንጭ ላይ የደረቀው የጨው መስመር፣
ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል፣ የፀጉር ያህል ሳይቀር።
ድምፁም አይታማም። መቅዘፊያው ውኃ ሲመታ
ከግራዬ ተነሥቶ ወደ ቀኜ ሄደ በእርጋታ፤
የታችኛው ቤት ሰውዬ፣ ቧንቧ የፈነዳ መስሎት፣
ጣሪያውን በመጥረጊያ እስኪመታ።

ደረስኩ፤ መለያየቱ ጋ፣ አርባ ሰባተኛው ደቂቃ።
ልጁ መርከቡ ላይ፣ እሷ ወደቡ ጫፍ፣ ደብዳቤውን አንቃ።
ጠበቅኩ።

በረዶ የለም።

መለስኩት። ደግሜ አየሁ። በረዶ የለም።
የበጋ ፀሐይ ነው፤ ዛፉ ላይ ነፍሳት ይንጫጫሉ፤
ባርኔጣዋ አፍንጫዋ ላይ ጥላውን ጥሏል፤
ላቧ ሳይቀር ይታያል።
እኔ በማውቀው ፊልም ግን፣ እዚህ ጋ፣ በረዶ ይጥላል።

ማኩራዛኪ ነው ያደግነው፣ እኔና ቺጉሳ፣
ደብተራችን ሳይቀር የሚሸት የጢስ ዓሣ።
አባባ ከቴሌቪዥን ቀዳልን፣ በአንድ የአውሎ ነፋስ ማታ፤
ከምስሉ ግርጌ ማስጠንቀቂያ ይሮጣል ያለ ፋታ፦
ታይፉን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ የባሕር ዳር ነዋሪዎች…
እህቴ በሕይወቷ መጀመሪያ ያነበበችው ቃል
«ሽሹ» የሚል ነው።

ያቺን መለያየት ወደድናት።
አየናት፣ መለስናት፣ ደግመን አየናት፣
ማጫወቻው የካሴቱን ክር ፍቆ እስኪያሳሳት፤
አንድ ቀን ነጭ ነጠብጣብ ከሰማይ ወረደባት።
«አባባ፣ በረዶ ነው?»
«ሳይሆን አይቀርም» አለ፣ ዓሣውን እያገላበጠ።

እኛ ጋ በረዶ ብርቅ ነው፤ ከደቡብም ደቡብ ነን፤
በረዶን ያወቅነው እዚያ ወደብ ላይ፣ ከልጅቷ ጋር ቆመን።
ሰው ሲለያይ በረዶ ይጥላል ብለን አምነን።

ቺጉሳ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ ሰሜን ሄደች።
አሳሂካዋ ናት፤ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ትነዳለች፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ፣ ለከተማው መንገድ ትከፍታለች።
ለምን እዚህ መጣሽ ሲሏት፣ «ፊልም አይቼ» ትላለች፤
ሰው ይስቃል።
እሷም ትስቃለች።

እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ? አዳሾቹን አልከስም።
አቧራ ጠረጉ እንጂ ከእኛ የወሰዱት የለም፤
ያልነበረ ነገር አይሰረቅም።
የስሞቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አየሁት፦
ቀለም የቀቡትን፣ ባሕሩን የሣሉትን፣ ሻይ ያፈሉትን።
በረዶውን የሠራው ሰው ስሙ የለበትም፤
እጁ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣
ካሴቱን ጣሉት ያላለን፣
አዲስ ልግዛላችሁ ያላለንም።

አራት ኮከብ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። አምስት አደረግሁት።
አሁንም አላመንኩበት።

ማታ ደወለች። ሞተሩ ከኋላዋ ያጉረመርማል።
«ዲስኩ ደርሶሃል አሉ። በረዶው እንዴት ሆኖ ይታያል?»
መስኮቱን አየሁ። ዝናብ ነው። ኡሪኖ ይጠብቃል።
«ጠራ» አልኳት።
ማንን ብላ አልጠየቀችኝ፤
ማርሽ ቀየረች፣ ሰማኋት።